አሰልጣኙ ነው ወይስ ተጫዋቹ? ከሰበታ እስከ ካላባር የዘለቀ ክርክር

የጅማው መንገድ ወደ ቡታጅራ ከሚገነጠልበት ከዓለም ገና ጀምሮ እስከ ሰበታ መሃል ድረስ ኳስ የሚያሳዩ ቤቶች ሞልተዋል። ቅዳሜና እሁድ እነዚህ ቤቶች ውስጥ የሚነሳው ክርክር የቡድኑ ስም ይለዋወጣል እንጂ ሁልጊዜ አንድ ነው። አርሰናል ሲሸነፍም፣ ማንቸስተር ዩናይትድ ሲሸነፍም፣ ዋሊያዎቹ ሲሸነፉም ግማሹ ቤት «አሰልጣኙ ይባረር» ይላል። ግማሹ ደግሞ «አሰልጣኙ ገብቶ አይጫወትላችሁ፤ ተጫዋቾቹ ናቸው የገደሉን» ብሎ ይመልሳል። ቤቱ ሲዘጋም ሁለቱ ወገኖች መንገድ ላይ ይቀጥሉበታል።

የሰበታና የዓለም ገና ደጋፊ ግን ሌላ ከተማ ያለው ደጋፊ የሌለው አንድ ነገር አለው። ክርክሩ በደጁ ተፈትኖ አይቷል።

ሰበታ ከተማ ወደ ፕሪምየር ሊጉ ባደገበት በ2012 ዓ.ም. የውድድር ዘመን አሰልጣኙ ውበቱ አባተ ነበር። ያ ዓመት በኮሮና ምክንያት ሳይጠናቀቅ ተሰረዘ። በዚያው ክረምት የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ የአብርሃም መብራቱ ውል አለቀና ፌዴሬሽኑ ሳያድስለት ቀረ። 2013 ሲገባ ፌዴሬሽኑ ውበቱን ከሰበታ ወስዶ የዋሊያዎቹ አሰልጣኝ አደረገው። ሰበታ ከተማም አሰልጣኝ ፈልጎ ፈልጎ ማንን ቢያመጣ ጥሩ ነው? አብርሃም መብራቱን። ሁለት ሰዎች ወንበር ተቀያየሩ ማለት ነው። የክለቡ አሰልጣኝ የሀገር፣ የሀገሩ አሰልጣኝ የክለብ ሆነ።

በዚያ ዓመት ሊጉ ለመጀመሪያ ጊዜ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ጀመረ። ጨዋታዎቹም በየክለቡ ከተማ መካሄዳቸው ቀርቶ በአዲስ አበባ፣ በጅማ፣ በባሕር ዳር፣ በድሬዳዋና በሀዋሳ በዙር ተደረጉ። የሰበታ ሰው የራሱን ክለብ የሚያየው አርሰናልን በሚያይበት ስክሪን ላይ ሆነ። ክርክሩም አንድ ቤት ውስጥ ገባ።

አሁን ሒሳቡን እንሥራው። ለ2021 (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ኢትዮጵያ ከኮትዲቯር፣ ከማዳጋስካርና ከኒጀር ጋር ተደለደለች። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች የመራው አብርሃም ነው። በማዳጋስካር 1 ለ 0 ተሸነፈ፣ ኅዳር 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ባሕር ዳር ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1 አሸነፈ። ቀሪዎቹን አራት ጨዋታዎች ውበቱ መራ። በኒጀር 1 ለ 0 ተሸነፈ፣ ኒጀርን 3 ለ 0 አሸነፈ፣ ማዳጋስካርን ባሕር ዳር ላይ 4 ለ 0 ረመረመ፣ መጋቢት 21 ቀን 2013 ዓ.ም. አቢጃን ላይ በኮትዲቯር 3 ለ 1 ተመራ። ያ ጨዋታ ዳኛው ሜዳ ላይ ወድቀው ሳያልቅ ቆመ። በዚያው ሰዓት ማዳጋስካር በሜዳዋ ከኒጀር ጋር 0 ለ 0 ወጣች። ኢትዮጵያ በ9 ነጥብ አለፈች፣ ማዳጋስካር በ8 ቀረች።

ከዘጠኙ ነጥብ ሦስቱ የአብርሃም ናቸው፣ ስድስቱ የውበቱ። የአንዱ ቢጎድል ማለፍ የለም። ኒጀርም በመጨረሻው ቀን አንድ ግብ ቢገባባት ኖሮ ማለፍ የለም። ኒጀርን ደግሞ አብርሃምም ውበቱም አላሰለጠኗትም። ዋሊያዎቹ ወደ ካሜሩን ማለፋቸው በተረጋገጠበት ሌሊት ከተማው ሲጨፍር ምስጋናው ለአንድ ሰው ተሰጠ። የሦስቱ ነጥብ ባለቤት በዚያን ጊዜ የሰበታ ከተማ አሰልጣኝ ነበር።

ታዲያ አብርሃም ደካማ አሰልጣኝ ስለነበር ነው ውሉ ያልታደሰው? ኢትዮጵያን ከመያዙ በፊት የመንን ይዞ፣ ሀገሪቱ በጦርነት እየታመሰች፣ ብሔራዊ ቡድኗ ሜዳዋ ላይ መጫወት በማትችልበት ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእስያ ዋንጫ ያሳለፈ ሰው ነው። ውበቱስ ሰበታን ጥሎ በመሄዱ ነው ሰበታ የተጎዳው? አብርሃም በነበረበት ዓመት ሰበታ በሊጉ ቆየ። አብርሃም በሄደ በዓመቱ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ ከጅማ አባ ጅፋርና ከአዲስ አበባ ከተማ ጋር ወረደ። «አየህ አሰልጣኝ ነው!» የሚለው ወገን እዚህ ጋ ጠረጴዛ ይመታል። ሌላው ወገን ደግሞ ክረምት በመጣ ቁጥር የክለቡ ተጫዋቾች ግማሹ ወደ ሌላ ክለብ እንደሚሄድ፣ መስከረም ላይ ሜዳ የሚገባው ቡድን የስሙ ብቻ ሰበታ መሆኑን ያስታውሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ሁለቱም ግን የሚያወሩት ሜዳ ላይ ስለሚታየው ሰው ብቻ ነው።

ይህ ክርክር በሀገራችን አዲስ አይደለም። የሚገርመው ግን ጭራሽ ያልነበረበት ጊዜ መኖሩ ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም የተባበሩት ዓረብ ሪፐብሊክን፣ ማለትም ግብፅን፣ 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካ ዋንጫን ወሰደች። ሁለት ጊዜ ተመርታ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች፣ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨረሱት። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አሰልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። ይድነቃቸው ግን አሰልጣኝ ብቻ አልነበሩም። የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩ፣ ፌዴሬሽኑን ያቋቋሙና የመሩ፣ ካፍን ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ፣ በኋላም ከ1964 ዓ.ም. እስካረፉበት እስከ 1979 ዓ.ም. የካፍ ፕሬዚዳንት የሆኑ ሰው ናቸው። ተጫዋች፣ አሰልጣኝና ቢሮ በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ ተጠቃለው ነበር። ቡድኑ ቢሸነፍ ኖሮ ቢሮው አሰልጣኙን ማባረር አይችልም፤ ራሱን ነዋ የሚያባርረው! ጥፋትን የሚያሳልፉበት ሰው አልነበረም። ያ አሠራር ጥሩ ነበር ለማለት አይደለም፤ ሥልጣን ሁሉ አንድ ሰው ጋ ሲከማች የሚያመጣውን ጣጣ ሁሉም ያውቀዋል። ግን ተጠያቂው ማን እንደሆነ ማንም አይጠፋውም ነበር።

ስለ 1954ቱ ድል ሲወራ አንድ ነገር ይዘለላል። ውድድሩ አራት ቡድን ብቻ ነበረው። ኢትዮጵያ ቱኒዚያን 4 ለ 2፣ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ በሁለት ጨዋታ ሻምፒዮን ሆነች። ድሉን ማሳነስ አይደለም፤ ከዚያ በፊት በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ፣ በ1951 ዓ.ም. ደግሞ ካይሮ ላይ በዚሁ በግብፅ ሁለቴ 4 ለ 0 የተሸነፈ ቡድን ነው ያሸነፈው። ግን አብዛኛው የአፍሪካ ሀገር ገና ከቅኝ ግዛት እየወጣ ነበር። በቀጣዩ ውድድር ጋና መጣችና በመጀመሪያ ተሳትፎዋ ዋንጫውን ወሰደች። በ1958 ዓ.ም. ቱኒዚያ ላይ ኢትዮጵያ በአስተናጋጇ 4 ለ 0፣ በሴኔጋል 5 ለ 1 ተሸነፈች። ደጋፊው «ምን ሆነን?» ብሎ ጠየቀ። ምንም አልሆንም፤ ሌሎቹ መጡ እንጂ። ያኔ ለተጀመረው ቁልቁለት አሰልጣኝ ወይም ተጫዋች መፈለግ፣ ጎረቤት ፎቅ ሲሠራ የራስን ቤት አጠረ ብሎ እንደመቆጨት ነው።

ቀጥሎ የመጣው ምሳሌ ሁለቱንም ወገን ዝም ሊያሰኝ ይገባ ነበር፤ አላሰኘም። በ1974 ዓ.ም. ሊቢያ ላይ በተደረገው የአፍሪካ ዋንጫ የኢትዮጵያ አሰልጣኝ መንግሥቱ ወርቁ ነበር። በግብፁ ፍጻሜ አራተኛዋን ያገባው መንግሥቱ፣ እስከዛሬ ድረስ በአፍሪካ ዋንጫ መድረክ ለኢትዮጵያ የእሱን ያህል ያገባ የሌለው መንግሥቱ። ያ ሰው ያሰለጠነው ቡድን በሦስት ጨዋታ ስንት ግብ አገባ? ዜሮ። በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0፣ ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0። ግብ ማግባት በቃል የሚተላለፍ ነገር ቢሆን ኖሮ ከመንግሥቱ በላይ የሚያስተላልፈው አልነበረም። ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ ለ31 ዓመት ወደ አፍሪካ ዋንጫ አልተመለሰችም።

ሠላሳ አንዱ ዓመት ያለቀው በአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ጊዜ ነው። እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የሀገራችን የአሰልጣኝ ወይስ የተጫዋች ክርክር ሙሉ ቅርጹን የያዘው በሳቸው ሁለት ዓመት ውስጥ ነው።

ሰውነት በ2004 ዓ.ም. ቡድኑን ሲረከቡ፣ ከሳቸው በፊት በአንድ ዓመት ተኩል ገደማ ውስጥ ኢፊ ኦኑራና ቶም ሴንትፊት መጥተው ሄደዋል። አንዱ ከእንግሊዝ፣ አንዱ ከቤልጅየም። ሰውነት የመጨረሻውን ማጣሪያ ከሱዳን ጋር ተጫወቱ። ሱዳን ላይ 5 ለ 3 ተሸነፉ። ያን ቀን ምሽት «ሰውዬው አይችልም» ያላለ ሰው ካለ እሱ ኳስ አያይም ማለት ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸነፉ፤ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰዒድ አገቡ። ድምሩ 5 ለ 5፣ ከሜዳ ውጪ በተቆጠሩት ሦስት ግቦች ኢትዮጵያ አለፈች። «ሰውዬው አይችልም» ያለው አፍ ያን ምሽት «ሰውነት! ሰውነት!» ሲል አደረ።

ደቡብ አፍሪካ ላይ የመጀመሪያው ጨዋታ ከዛምቢያ ጋር ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ሆነ። ዋንጫው ከተወሰደ ልክ በ51 ዓመቱ፣ በዚያችው ቀን። ዛምቢያ የወቅቱ ሻምፒዮን ነበረች። ሳላዲን ፍጹም ቅጣት ምት መታ፣ የዛምቢያው በረኛ አዳነው። ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በመጀመሪያው አጋማሽ በቀይ ወጣ። አሥር ሰው የቀረው ቡድን በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ወጣ። ለአሰልጣኙ የሚከራከር ሁሉ ይህን ጨዋታ ይጠቅሳል፤ የተበላሸው በተጫዋች፣ የተረፈው በቡድኑ ዝግጅት ነው።

ሁለተኛው ጨዋታ ግን ለሌላኛው ወገን ነው። ቡርኪናፋሶ 1 ለ 0 እየመራች በረኛዋ በቀይ ወጣ። አሁን በሰው የሚበልጡት ዋሊያዎቹ ናቸው። አሥር ሰው በቀረው ቡድን ሦስት ተጨማሪ ግብ ተቆጠረባቸው፣ 4 ለ 0። ቡድን በሰው በልጦ ሦስት ሲገባበት፣ «ወደፊት ሂዱ» ያለ ወይም «ረጋ በሉ» ያላለ ሰው አለ። ይሄ የአሰልጣኝ ሥራ ነው፤ ሰውነትን የሚወድም ይህን መካድ አይችልም። ሦስተኛው በናይጄሪያ 2 ለ 0፣ ሁለቱም የቪክተር ሞሰስ ፍጹም ቅጣት ምቶች፣ በረኛው ሲሳይ ባንጫም በቀይ ወጣ። በሦስት ጨዋታ ሁለት በረኛ በቀይ ያጣ ቡድን! ማንን ይወቅሷል? ደግሞም ከዚያ ምድብ የወጡት ናይጄሪያና ቡርኪናፋሶ ፍጻሜ ላይ ተገናኙ። ኢትዮጵያ የተሸነፈችው በአንደኛውና በሁለተኛው ነው።

ከዚያ የዓለም ዋንጫው ማጣሪያ መጣ። ሰኔ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ቦትስዋና ላይ 2 ለ 1፣ ሰኔ 9 ቀን አዲስ አበባ ላይ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1። ሀገር በጭፈራ ተናወጠ፤ ምድቡን ጨርሰናል ተባለ። በዚያው ቀን ፊፋ አንድ ጉዳይ እየመረመርኩ ነው ብሎ አስታወቀ። ምንያህል ተሾመ በቀደሙት የማጣሪያ ጨዋታዎች ሁለት ቢጫ ካርድ ስለነበረበት ቦትስዋና ላይ መሰለፍ አልነበረበትም። የቦትስዋናው ድል ተሰርዞ 3 ለ 0 ሽንፈት ተጻፈ። 13 ነጥብ 10 ሆነ።

እዚህ ነጥብ ላይ ክርክሩ ይሰበራል። ሦስቱን ነጥብ ያጠፋው ማን ነው? አሰልጣኙ ጨዋታውን አሸንፏል። ተጫዋቾቹ አሸንፈዋል። ቢጫ ካርድ መዝግቦ፣ ከፊፋ የመጣ ደብዳቤ አንብቦ፣ «ይሄ ልጅ አይሰለፍም» ማለት ያለበት ቢሮ ነበር። አዲስ አበባ ያለ ቢሮ። ፌዴሬሽኑ ጥፋቱን አምኗል። አንዳንዱ አሰልጣኙም የራሱን ተጫዋች ካርድ መቁጠር ነበረበት ይላል፤ ትንሽ እውነት አለው። ግን ያን ሰሞን ደጋፊው ለመጀመሪያ ጊዜ «አሰልጣኝ ወይስ ተጫዋች» ማለቱን ትቶ ሦስተኛውን ወንበር አየ። ዕድሜው አጭር ሆነ እንጂ።

ጳጉሜን 2 ቀን ብራዛቪል ላይ ማዕከላዊ አፍሪካን 2 ለ 1 አሸንፈው ምድቡን በአንደኝነት ጨረሱ። ከብራዚል የሚለያቸው ሁለት ጨዋታ ብቻ ነበር፣ ከናይጄሪያ ጋር። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በበኃይሉ አሰፋ ግብ መርተው በኢማኑኤል ኢሜኒኬ ሁለት ግቦች፣ ሁለተኛዋ በመጨረሻ ደቂቃ ፍጹም ቅጣት ምት፣ 2 ለ 1 ተሸነፉ። ኅዳር 7 ቀን ካላባር ላይ 2 ለ 0። አለቀ።

በሁለት ወሩ ቡድኑ ለቻን ደቡብ አፍሪካ ሄደ። በሊቢያ 2 ለ 0፣ በኮንጎ 1 ለ 0፣ በጋና 1 ለ 0 ተሸነፈ። ሦስት ጨዋታ፣ ዜሮ ግብ። ወዲያው ሰውነት ተሰናበቱ። ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር አለ። ቻን በሀገር ውስጥ ሊግ የሚጫወቱ ተጫዋቾች ብቻ የሚሰለፉበት ውድድር ነው። ሳላዲን ሰዒድ ውጭ ነበር። ጌታነህ ከበደ በአፍሪካ ዋንጫው ታይቶ ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ሄዷል። አሰልጣኙ ቡድኑን ለዓለም አሳዩ፣ ዓለም ተጫዋቾቹን ገዛ፣ አሰልጣኙ በቀሩት ተጫዋቾች ተመዝነው ተባረሩ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው ተረት ለዚህ ይመስላል የተተረተው። ሃያ ሦስት ተጫዋች ማባረር አይቻልም፤ ቢሮ ራሱን አያባርርም፤ የቀረው አንድ ሰው ነው።

በምትካቸው ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጣ። ውጤቱ? ከአልጄሪያ፣ ከማሊና ከማላዊ ጋር በነበረው ምድብ 4 ነጥብ፣ የመጨረሻ ደረጃ። በ2007 ዓ.ም. እሱም ተሰናበተ። ዮሐንስ ሳህሌ ተተካ፣ በ2008 ዓ.ም. እሱም ተሰናበተ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የአሰልጣኝ ስም ዝርዝር ከመደርደር ይልቅ አራት ጥንድ ጨዋታዎችን ጎን ለጎን ማየት ይሻላል። በጥቅምት 2007 ዓ.ም. በባሬቶ ጊዜ፣ ዋሊያዎቹ አዲስ አበባ ላይ በማሊ 2 ለ 0 ተሸነፉ። በአራተኛው ቀን ባማኮ ሄደው ያችኑ ማሊን 3 ለ 2 አሸነፉ። መጋቢት 16 ቀን 2008 ዓ.ም. በዮሐንስ ሳህሌ ጊዜ በአልጄሪያ 7 ለ 1 ተረመረሙ። በአራተኛው ቀን ከዚያችው አልጄሪያ ጋር አዲስ አበባ ላይ 3 ለ 3 ወጡ። በግንቦት መጨረሻ 2014 ዓ.ም. በውበቱ ጊዜ ሊሎንግዌ ላይ በማላዊ 2 ለ 1 ተሸነፉ፤ በአራተኛው ቀን፣ ሰኔ 2፣ በዚያው ሜዳ ግብፅን በዳዋ ሆጤሳና በሽመልስ በቀለ ግቦች 2 ለ 0 አሸነፉ። ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ ኪንሻሳ ላይ በታንዛኒያ 2 ለ 0 ተሸንፈው፣ በሦስተኛው ቀን እዚያው ኪንሻሳ ላይ ዲሞክራቲክ ኮንጎን 2 ለ 1 አሸነፉ።

አሰልጣኙ ያው ነው። ተጫዋቹ፣ ከአንድ ሁለት ለውጥ በቀር፣ ያው ነው። በአራት ቀን ውስጥ አሰልጣኝ ዕውቀት አይጨምርም፤ ተጫዋችም ኳስ አይማርም። እሁድ ላይ «ይባረር» የተባለው ሰው ሐሙስ ላይ ጀግና የሚሆነው ሰውየው ተለውጦ ሳይሆን ኳስ እንዲህ ስለሆነች ነው። ግብ ጥቂት በሚቆጠርበት ጨዋታ አንድ ካርድ፣ አንድ የበረኛ ስህተት፣ አንድ ፍጹም ቅጣት ምት የሁሉን ስም ይቀይራል። ተጋጣሚ የመለወጡም ነገር አለ፤ ኮንጎ ያን ቀን ማለፏን አረጋግጣ ነበር፣ ግብፅም ያለ መሐመድ ሳላህ ነበር የተጫወተችው።

ይህ የሀገራችን ጉዳይ ብቻ አይደለም። ባስ ተር ዌል የተባለ የኔዘርላንድ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በሀገሩ ሊግ ከ1986 እስከ 2004 (እ.ኤ.አ.) የነበሩትን የአሰልጣኝ ለውጦች አጥንቶ ነበር። ሲወርድ አሰልጣኝ ያባረረ ክለብ ከስንብቱ በኋላ ቀና ይላል። ችግሩ፣ በተመሳሳይ ሁኔታ ወርዶ አሰልጣኙን ያላባረረ ክለብም እንዲሁ ቀና ይላል። በጣም የወረደ ነገር ብዙ ጊዜ ሳይነኩትም ትንሽ ይነሳል፤ ምስጋናውን የሚወስደው ያን ሰዓት ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ነው። የአርሰናል ደጋፊ ይህን በራሱ አይቷል። ሚኬል አርቴታ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ስምንተኛ ወጥቶ ሳይባረር ቀረ፣ ቆይቶ ለዋንጫ ተፎካካሪ ሆነ። ማንቸስተር ዩናይትድ ደግሞ ፈርጉሰን ከወጣ ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሞይስን፣ ቫን ሃልን፣ ሞሪንሆን፣ ሶልሻየርን፣ ቴን ሃግን ቀያይሮ እዚያው ክርክር ላይ ነው። የዩናይትድ ደጋፊ ሲናደድ ግን ቢያንስ ባለቤቶቹን በስም ያውቃል። ግሌዘር ይላል።

የሰበታ ደጋፊስ ማንን ይበል? የሀገራችን ክለቦች አብዛኞቹ የሚተዳደሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ድርጅት በጀት ነው። ድሮ ሰበታ የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካም ቡድን ነበራት። በጀት ሲዘገይ ደመወዝ ይዘገያል፣ ደመወዝ ሲዘገይ ልምምድ ይቀራል፤ ይህ በሊጉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ውሳኔው የሚሰጠው ስሙን ማንም በማያዜመው ስብሰባ ላይ ነው። ቅዳሜ በስክሪን የሚታየው ግን ሮጦ የማይደርስ አማካይና መስመሩ ዳር ቆሞ የሚጮህ አሰልጣኝ ነው። ሰው የሚያየውን ይወቅሳል። አይፈረድበትም።

ይህ ማለት አሰልጣኝ ምንም አያደርግም ማለት አይደለም። ማንን እንደሚጠራ፣ ማንን እንደሚተው፣ ልጆቹ ሲደነግጡ ምን እንደሚሉ የሚያስተምረው እሱ ነው፤ የቡርኪናፋሶው ሠላሳ ደቂቃ የዚህ ማስረጃ ነው። ተጫዋችም ነፃ አይወጣም። በ2014ቱ የካሜሩን ዋንጫ በመጀመሪያው ጨዋታ ያሬድ ባየህ በ12ኛው ደቂቃ በቀይ ሲወጣ ውበቱ ሊያደርግ የሚችለው ብዙ አልነበረም፤ ኬፕ ቨርዴ 1 ለ 0 አሸነፈች። ግን የአሰልጣኝ ሥራ በወራትና በዓመታት ነው የሚታየው፣ የተጫዋች ሥራ በየደቂቃው። ፌዴሬሽኑ ደግሞ አሰልጣኙን የሚመዝነው በሁለቱም አይደለም፤ በመጨረሻው ጨዋታ ነው።

ውበቱም በዚሁ ሚዛን ሄደ። ግብፅን ካሸነፈ ዓመት ሳይሞላው፣ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በጊኒ 2 ለ 0 እና 3 ለ 2 ተሸነፈና በሚያዝያ ከፌዴሬሽኑ ጋር ተለያየ። የግብፁ ጨዋታ ሊሎንግዌ ላይ መደረጉን ግን ልብ በሉ። የኢትዮጵያ «የሜዳ» ጨዋታ ነበር። ካፍ ባሕር ዳርን አግዶ፣ አዲስ አበባ ስታዲየም በእድሳት ተዘግቶ፣ ሀገሪቱ ዓለም አቀፍ ጨዋታ የምታስተናግድበት አንድ ሜዳ አልነበራትም። ኮትዲቯርንና ማዳጋስካርን ባሕር ዳር ላይ ያሸነፈው ቡድን፣ ሱዳንንና ደቡብ አፍሪካን አዲስ አበባ ላይ ያሸነፈው ቡድን፣ ሜዳውን ተነጠቀ። ለ2025 (እ.ኤ.አ.) የአፍሪካ ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ኢትዮጵያ ሦስቱን የሜዳዋን ጨዋታዎች በዳሬሰላም፣ በአቢጃንና በኪንሻሳ ነው ያደረገችው። በዲሞክራቲክ ኮንጎ 2 ለ 0፣ በጊኒ 3 ለ 0፣ በታንዛኒያ 2 ለ 0። ሦስት የሜዳ ጨዋታ፣ ዜሮ ነጥብ፣ ዜሮ ግብ። አሰልጣኙ በዚያው ማጣሪያ መሃል ተቀየረ። ሜዳው አልተቀየረም።